የሳሙኤል ኦዝበርን የብረት ፋብሪካና የሙሼት ምሥጢር

በዚህ የበዓል መጽሔት ውስጥ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ደራስያን ጽፈዋል። እኛ ሦስት ተማሪዎች ግን ታሪክ የሚሠራው በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም ብለን ስላመንን፣ ስለ አንድ የሞረድና የዐረብ ብረት ፋብሪካ ለመጻፍ ቈረጥን። ፋብሪካው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) በእንግሊዝ አገር በሺፊልድ ከተማ የተቋቋመው የሳሙኤል ኦዝበርን ኩባንያ ነው። ሐሳባችንን ስንናገር «ሞረድ ደግሞ ምን ታሪክ አለው!» ብለው የሣቁብን ነበሩ፤ አንባቢ ታግሦ ያንብብና ይፍረድ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሺፊልድ በሰሜን እንግሊዝ በኮረብቶች መካከል የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዶን፣ ሺፍ፣ ሎክስሊ፣ ሪቭሊንና ፖርተር የሚባሉ አምስት ወንዞች ከየኮረብታው እየወረዱ ይገናኙባታል። እነዚህ ወንዞች ለመርከብ የሚበቁ አይደሉም፤ ነገር ግን መንኰራኵር ለማዞር ይበቁ ነበርና ቢላዋ ሳዮች ከጥንት ጀምሮ በየዳራቸው የመሳያ ድንጋያቸውን ተከሉ። ድንጋዩም ከዚያው ከኮረብታው ይፈለጥ ነበር፤ ከሰሉም ከዚያው ይቈፈር ነበር። የሺፊልድ ቢላዋ በ14ኛው መቶ ዓመት ጆፍሪ ቾሰር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ተጠቅሷል። በ1624 ደግሞ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በሕግ ታወቀ፤ የማኅበሩም አለቃ በከተማው ውስጥ ከከንቲባው የማያንስ ክብር ነበረው። ይህን ያነሣነው ኦዝበርን ኋላ የዚህ ማኅበር አለቃ ስለ ሆነ ነው።

ሺፊልድ በዓለም ላይ ስሟ የተጠራው ግን በአንድ ሰዓት ሠሪ ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለው ይህ ሰው በ1704 ተወልዶ በዶንካስተር ከተማ ሰዓት ሲሠራ የሚኖር ነበር። ለሰዓት መዘውር የሚሆን ብረት ሲፈልግ የሚያገኘው ሁሉ አንዱ ጐን ጠንካራ፣ ሌላው ጐን ለስላሳ እየሆነ አስቸገረው። በዚያን ጊዜ ዐረብ ብረት የሚሠራው ከስዊድን አገር የመጣ ንጹሕ ብረት ከከሰል ዱቄት ጋራ በድንጋይ ሣጥን ታሽጎ ለብዙ ቀን በእሳት ሲቈይ ነው። ከሰሉ ወደ ብረቱ የሚገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለ ሆነ ቅርፊቱ ይጠነክራል፤ ልቡ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ሀንትስማን በ1740 ገደማ ወደ ሺፊልድ አጠገብ መጥቶ ይህን ብረት በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ጨርሶ በማቅለጥ አንድ ወጥ አደረገው። የሺፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ግን «ይህ ብረት ለመዶሻ እንቢ ይላል» ብለው ስላልፈለጉት ለፈረንሳዮች ሸጠው። የፈረንሳይ ቢላዋ በጥራቱ ገበያቸውን መሻማት ሲጀምር ነው የአገሩ ሰዎች የነቁት። ከዚያ በኋላ አንድ ብረት ሠሪ በክረምት ሌሊት ለማኝ መስሎ ከሀንትስማን ፋብሪካ እሳት ዳር ተኝቶ ምሥጢሩን ሰረቀ ተብሎ ይነገራል። እውነት ይሁን ተረት የሚያረጋግጥ የለም፤ የብረት ምሥጢር በዚያ አገር እንዴት ይጠበቅና እንዴት ይፈለግ እንደ ነበረ ግን ታሪኩ ያሳያል።

የማቅለጡን ሥራ ጥቂት ሰፋ አድርገን ብንናገር ይሻላል፤ የኦዝበርን ፋብሪካ የኖረው በዚህ ሥራ ነውና። መጀመሪያ ሸክላው ይታቦካል። የሚታቦከውም በባዶ እግር በመርገጥ ነው፤ ሠራተኛው ለሰዓታት እየረገጠ በእግሩ ጣት መካከል ጠጠር መኖሩን ይፈትናል፤ አንዲት ጠጠር ወይም አንዲት የአየር እብጠት ከቀረች ማቅለጫው እሳት ውስጥ ይፈነዳልና። ማቅለጫው ከደረቀ በኋላ ከወለል በታች በተሠራ ጕድጓድ ውስጥ በኮክ ከሰል ተከቦ ይቀመጣል፤ 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ቍርጥራጭ ይጨመርበታል። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ከነደደ በኋላ አውጪው ይመጣል። እርሱም እግሩን በውኃ በተነከረ ማቅ ጠቅልሎ፣ እግሮቹን ከጕድጓዱ አፍ ግራና ቀኝ አንፈራጦ ይቆምና ነጭ እስኪሆን የጋለውን ማቅለጫ በረጅም ጕጠት ይዞ ወደ ላይ ይመዘዋል። ቀጥሎ አፍሳሹ ከብረት ቅርጹ ውስጥ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ በቀጭኑ ያንቈረቍረዋል። ብረቱ መብሰሉን የሚያውቁት በዐይን ብቻ ነበር፤ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አልነበራቸውም። አንድ ማቅለጫ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ካገለገለ በኋላ ይጣላል። ላብ ስለሚያጠፋቸው ሠራተኞቹ ቢራ እየጠጡ ይውሉ ነበር።

ሳሙኤል ኦዝበርን የተወለደው በ1826 ነው። በ1852 በሺፊልድ የራሱን ሥራ ሲጀምር የጀመረው በዐረብ ብረት ሳይሆን በሞረድ ነው። ሞረድ ዛሬ በየብረታ ብረት ቤቱ በርካሽ የሚገኝ ስለ ሆነ ማንም አያስተውለውም። በዚያ ዘመን ግን የማናቸውም መኪና ክፍል እርስ በርሱ ተስማምቶ የሚገጥመው በሞረድ ተፈግፍጎ ነበር፤ ስለዚህ ሞረድ ሳይኖር የባቡር ሞተርም የፈትል መኪናም አይኖርም ማለት ነው። የሞረዱ ጥርስ ደግሞ አንድ በአንድ በሰው እጅ የሚቈረጥ ነበር። ቈራጩ ሞረዱን በእርሳስ ሰሌዳ ላይ አስተኝቶ፣ በግራ እጁ መሮ፣ በቀኝ እጁ መዶሻ ይዞ፣ ዐይኑን ሳያነሣ መስመሩን ተራ በተራ ይመታዋል። የእያንዳንዱ መስመር ርቀት የሚለካው በጣቱ ስሜት ነው። እርሳሱ የሚያስፈልገው ለስላሳ ስለ ሆነ የተቈረጠውን ጥርስ እንዳይሰብር ነበር፤ ዱቄቱ ግን ከጣት ወደ አፍ እየገባ ቈራጮቹን ይመርዛቸው ነበር። በመመረዝ የእጃቸው አንጓ ዝሎ መዶሻ ማንሣት ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። በዚህ ሥራ ላይ ሴቶችና ልጆችም ነበሩበት። የሳዮቹ ዕድል ደግሞ የከፋ ነው፤ በደረቅ ድንጋይ ሹካ የሚስሉ ሰዎች የድንጋይና የብረት ብናኝ ሳንባቸውን ስለሚበላው ብዙዎቹ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1866 የሞረድ ሠራተኞች ለብዙ ሳምንት ሥራ አቁመው ነበር፤ ተሸንፈው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሞረድ የሚቈርጥ መኪና ነው። መኪናውን አምርረው የተቃወሙትም እንጀራቸውን ስለሚነጥቃቸው ነው። ይሁን እንጂ ከእርሳስ መርዝ ያወጣቸው ያው መኪና መሆኑን ስናስብ ለማን እንደምንፈርድ ይቸግረናል።

የኦዝበርን ሥራ ግን እየሰፋ ሄደ። በ1860ዎቹ መጨረሻ በከተማው ውስጥ ዘ ዊከር በሚባለው ሰፈር ያለውን የክላይድ የዐረብ ብረት ፋብሪካ ያዘ። ይህ ሰፈር በመጋቢት 1864 በዴል ዳይክ የሚባለው ግድብ በሌሊት ፈርሶ ቢያንስ 240 ሰዎች ሲሞቱ ጎርፉ ካጥለቀለቃቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። ፋብሪካው ዐረብ ብረት፣ ሞረድ፣ መጋዝና ለባቡር ሐዲድ ሥራ የሚሆን ዕቃ ያወጣ ነበር። ምልክቱም እጅና ልብ ነው። ዘመኑ የባቡር ዘመን ስለ ነበረ ብረት የሚሠራ ሁሉ ያተርፍ ነበር፤ በ1851 ከ135,000 በላይ የነበረው የሺፊልድ ሕዝብ በ1901 ከ380,000 በላይ ሆኗል። እስከዚህ ድረስ ያለው የኦዝበርን ታሪክ ከሌሎቹ የሺፊልድ ፋብሪካዎች ታሪክ ብዙም አይለይም። የሚለየው ከሌላ ሰው ጋራ ስለ ተገናኘ ነው።

ሮበርት ፎረስተር ሙሼት በ1811 የተወለደው ከሺፊልድ ርቆ፣ በእንግሊዝ ምዕራብ በዲን ጫካ ውስጥ በኮልፎርድ ነው። አባቱ ዴቪድ ሙሼት ስመ ጥር የብረት ሊቅ ነበር፤ ልጁም በአባቱ እቶን አጠገብ አደገ። በ1856 ሄንሪ ቤሰመር የቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ቶን ዐረብ ብረት መሥራት እንደሚቻል አስታወቀ። ዓለም ተደነቀ፤ ፈቃድ የገዙት ሰዎች ሲሞክሩት ግን ብረቱ ከመዶሻ ሥር እየተፈረካከሰ አሳፈራቸው። ነገሩ አየሩ ካርቦኑን ሲያቃጥል ኦክስጅን በብረቱ ውስጥ ትቶ ስለሚሄድ ነበር። ሙሼት መድኃኒቱን አገኘ። ጀርመኖች «የመስተዋት ብረት» ብለው የሚጠሩትን ማንጋኒዝና ካርቦን ያለበትን ብረት በመጨረሻው ላይ ቢጨምርበት ማንጋኒዙ ኦክስጅኑን ያስወጣዋል፤ ካርቦኑም የጐደለውን ይሞላል። በ1857 በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ሐዲድ በደርቢ ባቡር ጣቢያ ተዘረጋ። በዚያ ቦታ የነበረው የብረት ሐዲድ በየስድስት ወሩ፣ አንዳንዴም በየሦስት ወሩ ይለወጥ ነበር። የሙሼት ሐዲድ ግን በቀን 700 ያህል ባቡር እያለፈበት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ምንም አልሆነም ነበር።

ታዲያ ሙሼት ባለጠጋ ሆነ ወይ? አልሆነም። የፈጠራ መብቱን የሚያጸና የ50 ፓውንድ የቴምብር ክፍያ በ1859 መከፈል ሲገባው አደራ የተቀበሉት ሰዎች ሳይከፍሉ ቀሩ፤ መብቱም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ዘዴውን ማንም በነጻ ተጠቀመበት። በ1866 ሙሼት ታሞና ደኽይቶ ሳለ የ16 ዓመት ልጁ ማርያ ብቻዋን ወደ ለንደን ሄዳ ከቤሰመር ቢሮ ገባችና «የእርስዎ ሀብት የተመሠረተው በአባቴ ሥራ ላይ ነው» በማለት ተከራከረችው። ቤሰመር በሕግ የሚጠየቅበት ዕዳ አልነበረበትም፤ ሆኖም ለሙሼት በየዓመቱ 300 ፓውንድ እንዲሰጠው ወሰነ፤ ከሃያ ዓመት በላይም ሰጠው። ይህ በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው። ስለ ቤሰመር የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ልጅ ብዙ ጊዜ ስለሚዘልሏት እኛ አልዘለልናትም፤ ከእኛ ብዙዎቻችን በዕድሜ የማትበልጥ ናትና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክፍል ቶርኖ ላይ የሠራ ተማሪ እንደሚያውቀው፣ መቍረጫው ብረቱን ሲላጭ ይግላል። ተራ ዐረብ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ግሎ ውኃ ውስጥ በድንገት ሲነከር ነው፤ በሥራ ላይ እንደ ገና ሲግል ደግሞ ያን ጥንካሬ ያጣዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረ ባለ ቶርኖ መቍረጫው እንዳይለሰልስ ቀስ ብሎ መሥራት ግድ ነበረበት። መኪናው ምንም ያህል ጕልበት ቢኖረው ፍጥነቱን የሚወስነው ያቺ የጣት ውፍረት ያላት መቍረጫ ነበረች። በ1868 ሙሼት በዲን ጫካ በነበረው ፋብሪካው ብረትን ከልዩ ልዩ ነገር ጋራ ሲቀላቅል አንዱ ቍራጭ ውኃ ሳይነካው፣ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ብቻ፣ ጠንክሮ አገኘው። ቱንግስተን የሚባለው ከባድ ማዕድን የገባበት ነበር። የኋላ ኬሚስቶች መርምረው እንዳገኙት፣ በየጊዜው ቢለያይም፣ በውስጡ ከመቶ 9 እጅ ያህል ቱንግስተን፣ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ካርቦንና ያን የሚያህል ማንጋኒዝ ነበረበት። ከዚህ ብረት የተሠራ መቍረጫ ከተራው በግማሽ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይችላል፤ እጅግ ጠንካራ የሆነውንም ብረት ይላጫል፤ ሳይሳልም ብዙ ይቈያል። ውኃ ውስጥ ከነከሩት ግን ይሰነጠቃል። የዚህን ብረት ነገር ከሁሉ በፊት መማር የነበረባቸው አንጥረኞች ናቸው፤ ከአባት ከአያታቸው የተማሩትን ከውኃ የመንከር ልማድ ትተው ትኵሱን ብረት ዝም ብለው መሬት ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው።

ሙሼት ብረት መሥራት እንጂ መነገድ አያውቅም ነበር። የዲን ጫካው ኩባንያው በ1871 ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ነው ኦዝበርን የገባው፤ ብረቱን በክላይድ ፋብሪካው ሠርቶ ለመሸጥ፣ ከሚሸጠውም ላይ ለሙሼት ድርሻ ለመስጠት ተስማሙ። ብረቱም «የሮበርት ሙሼት ልዩ ብረት» ተብሎ በዓለም ገበያ ዞረ። ስሙ የሙሼት ሆኖ መቅረቱን ልብ በሉልን። ኦዝበርን የራሱን ስም ሊለጥፍበት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ይህ ደግነት ነው ወይስ የነጋዴ ብልኀት ብለን ተጠያይቀናል፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ምሥጢሩን የጠበቁበት መንገድ እንደ ልብ ወለድ ታሪክ ያስደንቃል። ሙሼት የሚያስፈልገውን ማዕድን የሚያዝዘው በሌላ ሰው በኩል ነው፤ ማዕድኑም በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን በምሥጢር ስም ይጠራል። ቅልቅሉ የሚዘጋጀው በዲን ጫካ ውስጥ፣ በዝግ በር፣ በጥቂት የታመኑ ሰዎች እጅ ነው። ከዚያ በበርሜል ታሽጎ በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያ ጥምጥም መንገድ፣ በልዩ ልዩ አጓጓዦች እየተቀባበለ ሺፊልድ ይደርሳል። አቅላጮቹ የሚያቀልጡትን አያውቁትም ነበር። እኛ በዚህ ላይ ሳንስማማ ቀርተናል። ከእኛ አንዱ፣ ለሰው ልጅ የሚጠቅም ዕውቀት በበርሜል ታሽጎ መዞሩ ነውር ነው፤ ሙሼት ራሱ የአባቱና የሌሎች ዕውቀት ተጠቃሚ ነበር ይላል። ሁለቱ ግን የሚሉት ሌላ ነው። ሰውየው አንድ ጊዜ ዕውቀቱን በግልጽ አስመዝግቦ ለሕግ አደራ ሰጠ፤ በ50 ፓውንድ ቴምብር ምክንያት ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ በኋላ ከሕግ ይልቅ ቍልፍን ቢያምን እንዴት ይፈረድበታል? ደግሞም በዚህኛው ብረት የፈጠራ መብት አላስመዘገበም፤ ቢያስመዘግብ ቅልቅሉን ለሁሉ መግለጥ ግድ ይሆንበት ነበርና። ክርክራችንን አስተማሪያችን ሰምተው ፍርድ ሳይሰጡ ስለ ሄዱ እስካሁን እንዳለ አለ።

ክብር ግን ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1876 የእንግሊዝ የብረትና የዐረብ ብረት ሊቃውንት ማኅበር ለሙሼት የወርቅ ኒሻን ሰጠው። የኒሻኑ ስም የቤሰመር ኒሻን ነው! ኦዝበርንም በ1873 የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር አለቃ ሆነ፤ በኋላም የሺፊልድ ከንቲባ እስከ መሆን ደረሰ። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1891፣ ሞቱ።

ምሥጢሩ ከእነርሱ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ የገለጠው ግን ሌባ አይደለም። በአሜሪካ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ፍሬደሪክ ዊንስሎው ቴይለርና ማንሰል ዋይት የተባሉ ሰዎች ከ1898 ጀምሮ እንደ ሙሼት ብረት ያሉትን በአየር የሚጠነክሩ መቍረጫዎች ወስደው በልዩ ልዩ ሙቀት እያጋሉ ሞከሯቸው። አንጥረኞች ሁሉ «ከዚህ በላይ ካጋልከው ይበላሻል» የሚሉትን ልክ አልፈው፣ ሊቀልጥ እስኪቃረብ ድረስ አጋሉት። ብረቱ መበላሸት ሲገባው እንዲያውም ባሰበት፤ መቍረጫው በሥራ ላይ ፍም መስሎ እየቀላ መቍረጡን አያቆምም ነበር። በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ይህን ያዩ የአውሮጳ መሐንዲሶች ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። ለዚያ ፍጥነት የሚበቃ ቶርኖ ስላልነበረ የቶርኖዎቹ አሠራር ራሱ መለወጥ አስፈለገ። የኦዝበርን ኩባንያና ሌሎቹ የሺፊልድ ፋብሪካዎችም ሳይዘገዩ ባለ ከፍተኛ ፍጥነት የሚባለውን ይህን ብረት መሥራት ጀመሩ፤ ኦዝበርኖች የሙሼትን ስም በእርሱም ላይ አኖሩት።

ኩባንያው በቤተሰቡ እጅ ብዙ ዘመን ቈየ። ከቤተሰቡ አንዱ ፍሬድ ኦዝበርን በ1952 የሙሼቶችን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የበርሜሎቹንም ነገር በሰፊው የምናገኘው ከዚያ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ሺፊልድ በውጭ አገር ውድድር ስትናወጥ ኩባንያው ወደ ሌላ ድርጅት ተጠቃለለ። በዛሬው ፋብሪካ ከባዱን የመቍረጥ ሥራ የያዘው ካርባይድ የሚባለው ነው፤ እርሱም ቢሆን አብዛኛው ቱንግስተን ነው። በሺፊልድ አቤዴል በሚባለው ሰፈር የድሮው የማቅለጫ ቤት ከነጕድጓዶቹ፣ ከነሸክላ ማቅለጫዎቹና ሸክላው ከሚረገጥበት ወለል ጋራ ሙዚየም ሆኖ ተጠብቋል።